የአደራ ቤተሰብ ለመሆን ሲታሰብ

በባሌ ደጋ የሌላ ሰው ልጅ ስለማሳደግ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ጉዲፈቻ ነው። ቃሉ ከኦሮምኛ ተነስቶ ወደ አማርኛም ወደ አገሪቱ ሕግም ገብቷል። በባህሉ የጉዲፈቻ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ ከአብራክ ከተገኘው ጋር እኩል ይወርሳል። የአደራ ቤተሰብ ግን ጊዜያዊ ነው። እናት ጎባ ሆስፒታል ተኝታ እስክትድን፣ ዘመድ ተፈልጎ እስኪገኝ ወይም ቋሚ አሳዳጊ እስኪመጣ ልጁን ተቀብሎ ማቆየት ማለት ነው። የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያም ሁለቱን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. ስለተከለከለ ወላጅ ያጣ ልጅ ቤት የሚፈለግለት እዚሁ አገር ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ሮቤም ሆነ ጎባ ላይ ይህን ያሰበ ሰው አስቀድሞ «በተጠየቅኩ ቀን እመልሰዋለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ልጅ አጥተው የኖሩ ባልና ሚስት ልባቸው ያለው ጉዲፈቻ ላይ ከሆነ በቀጥታ ወደዚያው ቢሄዱ ይሻላል። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ይጸድቃል፤ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የአካባቢውን ፍርድ ቤት መጠየቅ ነው።

በአካባቢው ለሚበዙት ሙስሊም ቤተሰቦች አደራው የሚያስጨንቅ አይሆንም። በእስልምና የቲምን መንከባከብ ትልቅ ምንዳ አለው፤ የማይፈቀደው የዘር ሐረግን መለወጥ ነው። በአደራ የቆየ ልጅ ደግሞ የሚጠራው በገዛ አባቱ ስም ነው።

ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚጠብቅ እጅ ፈልጎ ልጅ የሚወስድ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ሠራተኛ ይቅጠር።

ከቤት ውስጥ ሁሉም ይስማማ፤ አያትም ልጆችም። ከደሎ መና ቆላ ሳነቴን ተሻግሮ የመጣ ሕፃን የጎባን ብርድ አያውቅም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ከወዲሁ ይዘጋጅለት። ከገጠር የመጣ ልጅ ኦሮምኛ ብቻ ሊናገር ስለሚችል አማርኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዱታል።

ከከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር ሳይነጋገሩ ልጅ አይቀበሉ። እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ቢታመም ለሕክምና ማን እንደሚፈርም፣ ዘመድ በየስንት ጊዜው እንደሚጠይቀው በጽሑፍ ይያዝ። መመለሻው ሲቃረብ ለልጁም ለራስዎ ልጆችም ቀደም ብለው ይንገሯቸው። ሲሄድ የክትባት ካርዱና የትምህርት ቤት ወረቀቱ አብረውት ይሂዱ።