ከጥፍር ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ

ልጃችሁ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ «ማርያም የሳመችው» ብላችሁ ታልፋላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናችሁ። ቦብ ማርሊም የእግር ጣቱ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ አልፈቀደም። በ1978 ጎረቤታችን ሻሸመኔ ድረስ መጣ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚበዛው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ወላይታ ላይ የእግር በሽታ ሲባል የምናስበው ከቀይ አፈር የሚመጣውን እብጠት ስለሆነ፣ ውስጥ እግርን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው (እኛ ሐኪሞችም ጭምር!)።

ማታ የአባታችሁን እግር ስታጥቡ ተመልከቱ። ነጥብ ካለ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ፤ በየወሩ አስተያዩ። ካደገ፣ መልኩ ከተለወጠ፣ ከደማ ወይም አልድን ካለ ግን ወር አትጠብቁ፤ ፎቶውን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።