ማዘዝና ማሠልጠን

ወታደርነት ለሰው ከሚያስተምረው ሁሉ በቶሎ የሚለመደው ማዘዝና መታዘዝ ነው። ከጦር ሰፈር ወጥቶ በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በንግድ ቤት አለቃ የሆነ ሰው ይህን ትምህርት ይዞት ይመጣል፤ ሰዓት ማክበርንና በችግር ጊዜ አለመደንገጥንም ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የጦር ሰፈር ሌላም ትምህርት አለው፤ ይኸውም አለቃ የሚያዛቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ማወቅና ሥራውን እርሱ በሌለበት እንዲሠሩ አድርጎ ማሠልጠን ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ትምህርቱን በግማሽ ትቶት ወጥቷል። የሁለቱን ልዩነት በአገራችን ታሪክ፣ ያውም በአንድ የጦር ክፍልና በአንድ ዘመን ውስጥ እናገኘዋለን።

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የስዊድን ሰው ነበሩ። የፊንላንድ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በፈቃዳቸው ዘምተዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የክብር ዘበኛን ወታደሮች የሰውነት ማጠንከሪያ ያስተምሩ ነበር። ከእነዚያም ወታደሮች አንዱ አበበ ቢቂላ ነው። ኒስካነን «ሩጥ» ብለው አዝዘው ብቻ አልተቀመጡም፤ ሰዓት ይዘው ፍጥነቱን ይመዘግቡ፣ በጫማና በባዶ እግሩ ሲሮጥ የቱ እንደሚሻለው ይለኩ ነበር። ሮም በደረሱም ጊዜ የሩጫውን መንገድ አስቀድመው አብረው አዩት፤ ያን ጊዜ በዚያ ከተማ ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት ሲደርስ ቀድሞ እንዲወጣም ተመካከሩ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሩጫው ተጀመረ። አበበ እንዲጠነቀቅለት የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር፤ ራዲ ግን የለበሰው 185 ነው። አበበም 26ን በዐይኑ ሲፈልግ፣ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ትእዛዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ግራ በተጋባ ነበር። አበበ ግን የሥራውን ዓላማ ያውቅ ስለ ነበር አልታወከም፤ ከሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ተለይቶ ወጣና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። የተነገረው ቁጥር ቢሳሳትም ሥልጠናው አልተሳሳተም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው፤ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ ሩጫውን ባቋረጠ ጊዜም ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጣው ማሞ ወልዴ አሸነፈ። ደኅና ሥልጠና ከአንድ ሰው ጋራ አይቀርም።

አሁን ደግሞ የሌላውን መንገድ ፍሬ እንመልከት። ከሮም ድል በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ያው የክብር ዘበኛ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ትእዛዝ በአዲስ አበባ ተነሣ። የአዛዦቹን ሐሳብ ታሪክ ይመዝነው፤ እኛ የምንመለከተው ተራውን ወታደር ነው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ለንጉሠ ነገሥቱ የቆሙ መስሏቸው ነበር። ታዘዙ፤ ተዋጉ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። መታዘዝን የተማሩ ነበሩ፤ ለምን እንደሚታዘዙ ግን የነገራቸው አልነበረም።

ወታደር የነበረ ሰው ትምህርቱ ሙሉ መሆኑ የሚፈተነው ቅጣት በሌለበት ስፍራ ነው። በ1950ዎቹ መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ማኅበር ባቆመ ጊዜ፣ የማኅበሩ መሪ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። በጦር ሰፈር ጄኔራል ያዝዛል፤ በማኅበር ግን ገንዘቡን ያላዋጣ ነጋዴ ዘብጥያ አይወርድም። ስለዚህ መለመን፣ ማስረዳትና አምኖ የሰጠውን ሰው ማክበር ያስፈልጋል። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ሸክሙን ወዶ የሚያነሣ ሰው የሚገኘው የሸክሙ ጥቅም ሲገባው ነው።

ይህ ነገር ለጄኔራሎች ብቻ የተነገረ አይደለም። ከቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆሼ የማረቆ በርበሬ አገር ናት። በመጋዘን ያለ አለቃ «ያልደረቀውን ለይ!» ብሎ ቢጮህ፣ ሠራተኛው አለቃው እስኪያልፍ ይለያል። ነገር ግን በርበሬውን በእጁ አስይዞ፣ እርጥቡ በጆንያ ውስጥ ሻግቶ ደረቁን እንደሚያበላሽ ቢያሳየው፣ አለቃው በሌለበትም ቀን ይለያል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከሰው በላይ ተሹመህ እንደ ሆነ፣ ፊትህን አይተው ስንት ሰዎች እንደሚነሡ አትቍጠር። አንተ ታመህ በተኛህበት ቀን ሥራው እንዴት እንደ ዋለ ጠይቅ። ሥራው ደኅና ውሎ ከተገኘ አሠልጥነሃል፤ ቆሞ ከተገኘ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ስታዝ ብቻ ኖረሃል።