ስለ ምንጣፍ ላይ ፒላቴስ የሚነገሩ አምስት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተንጋሎ እግርን ከፍና ዝቅ ማድረግ ለብዙዎች ስፖርት አይመስልም። በሌላ በኩል ይህን እንቅስቃሴ ቦርጭ የሚያጠፋና የወገብ ሕመም የሚፈውስ ተአምር አድርገው የሚያቀርቡት አሉ። ሁለቱም ከእውነታው የራቁ ናቸው።

ልዩነቱን ማወቅ በተለይ ተቀምጠው ለሚውሉ ሰዎች ይጠቅማል። በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል በምትገኘው ዩኒየን ሲቲ የሚኖርና በአውራ ጎዳና 880 እየተመላለሰ ቀኑን በመኪና መሪ ወይም በኮምፒውተር ፊት የሚያሳልፍ ሰው፣ ሳሎኑ ውስጥ ሊሠራው የሚችለው ስፖርት ቢማርከው አያስገርምም። ይሁንና ከፒላቴስ ምን መጠበቅ ይችላል?

1. «የሴቶች ስፖርት ነው»

የፒላቴስ መሥራች ወንድ ነው። በአውሮፓውያኑ 1883 በጀርመን የተወለደው ጆሴፍ ፒላቴስ ቦክስና ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በብሪታንያ ስለነበር፣ እንደ ሌሎች ጀርመናውያን ተይዞ በአይል ኦፍ ማን ደሴት በሚገኝ ካምፕ ቆየ። በዚያም አብረውት ለታሰሩ ሰዎች እንቅስቃሴ ያስተምር ነበር። በ1926 ወደ ኒው ዮርክ ከተሻገረ በኋላ ከባለቤቱ ክላራ ጋር ማሠልጠኛ ከፈተ። የባሌና የዘመናዊ ውዝዋዜ ባለሙያዎች ደንበኞቹ ሆኑ። ስፖርቱ ከሴቶች ጋር ብቻ መያያዙ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

2. «ከዮጋ ጋር አንድ ነው»

ሁለቱም በምንጣፍ ላይ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ለአተነፋፈስ ትኩረት ይሰጣሉ። ምንጫቸው ግን ይለያያል። ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ መንፈሳዊ ልማድ የመነጨ ነው። ፒላቴስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ የአካል ብቃት ሥልጠና ሲሆን፣ ጸሎትም ሆነ ሃይማኖታዊ ሥርዓት የለውም። በእምነታቸው ምክንያት ከዮጋ የሚርቁ ሰዎች ይህን ልዩነት ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

3. «ያለ መሣሪያ የሚሠራው ቀላል ነው»

በፒላቴስ ማሠልጠኛዎች ውስጥ ሪፎርመር የሚባል፣ ጥቅል ሽቦዎች የተገጠሙለት ተንሸራታች አልጋ አለ። ብዙዎች የምንጣፉን ሥልጠና ለጀማሪ፣ የሪፎርመሩን ደግሞ ለበረታ ሰው አድርገው ያስባሉ። ሆኖም የመሣሪያው ሽቦዎች አንዳንዴ ሰውነትን ይደግፋሉ። በምንጣፍ ላይ ግን የእግርንና የራስን ክብደት የሚሸከመው የሆድና የዳሌ ጡንቻ ነው።

ጆሴፍ ፒላቴስ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ 34 የምንጣፍ እንቅስቃሴዎችን አስፍሯል። የመጀመሪያው «መቶ» ይባላል። ሠሪው በጀርባው ተንጋሎ ራሱንና እግሮቹን ያነሳል፤ ከዚያም እየተነፈሰ እጆቹን መቶ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያርገበግባል። የሞከረው ሰው ቀላል ነው ለማለት ይቸገራል።

4. «ቦርጭ ያጠፋል»

የሆድ ጡንቻን ማሠራት ከጡንቻው በላይ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ስብ የሚቀንሰው ሰውነት ከሚያገኘው በላይ ኃይል ሲያወጣ ነው፤ የሚቀንስበትን ቦታም ሰው አይመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ እንዲሁም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። የምንጣፍ ፒላቴስ ለሁለተኛው ሊያግዝ ይችላል፤ እርምጃውን ግን አይተካም።

5. «የወገብ ሕመምን ከሁሉ በላይ ይፈውሳል»

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ 510 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች ተመልክቷል። ፒላቴስ ምንም ከማድረግ ወይም እጅግ ጥቂት ከማድረግ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከሌሎች የአካል እንቅስቃሴዎች እንደሚበልጥ የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ለወገብ የሚበጀው፣ ሰውዬው ሳያቋርጥ ሊሠራው የሚችለው እንቅስቃሴ ነው።

ከመጀመር በፊት

የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው አከርካሪን ወደ ፊት አጥብቀው የሚያጎብጡ እንቅስቃሴዎች ስብራት ሊያስከትሉበት ይችላሉ። ነፍሰ ጡሮች ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በጀርባ ተንጋለው ለረጅም ጊዜ እንዳይቆዩ ይመከራሉ። ከወገብ ሕመም ጋር የእግር መዛል፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ግን ምንጣፉን ትቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

አሠልጣኝ መምረጥም ጥንቃቄ ይሻል። በ2000 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት «ፒላቴስ» የሚለው ስም የማንም የግል የንግድ ምልክት ሊሆን እንደማይችል ወስኗል። በዚህም ምክንያት ስሙ ብቻውን የአሠልጣኝን ችሎታ አያረጋግጥም። የት እንደሠለጠነና ያለብዎትን ሕመም አስቀድሞ ይጠይቅ እንደሆነ ማጣራት ተገቢ ነው።