ስፒከር ለምን ሁለት ሆነ?

እኛ ቤት ስፒከሮቹ ለዓመታት የኖሩት ቡፌው ላይ ነው፤ ጎን ለጎን፣ ዳንቴል ለብሰው። ለዓይን እንጂ ለጆሮ አልነበሩም። ሁለት የሆኑበት ምክንያት እንዳለ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምሊን ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ተዋናዩ በአንድ በኩል ቆሞ ድምፁ በሌላ በኩል መምጣቱ ከነከነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ ድምፅ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1942 የራዳር ሙከራ ላይ ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የስቴሪዮ ሸክላ በየቤቱ መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነውና እሱ አላየውም።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ስፒከሮቹ ከግድግዳው፣ ይልቁንም ከጥጉ፣ ፈቀቅ ይበሉ፤ አለዚያ ቤዙ ያጉረመርማል።

ባለፈው እሁድ ዳንቴሉን ገፍፌ እንዲሁ አደረግሁ። ወይ ጉድ! ዘፋኙ ከሁለቱ መካከል፣ ምንም በሌለበት ቦታ ቆመ። ባለቤቴን ጠራኋት። ወንበሩን አየችና፣ «እኔና ልጆቹስ የት ሆነን እንስማ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የአባቴ ሬዲዮ አንድ ስፒከር ብቻ ነበረው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ የትም ቢቀመጥ እኩል ይሰማው ነበር። የእኔ ስቴሪዮ ጥሩ የሚሰማው ለአንድ ሰው ነው። አሁን ወንበሩ ላይ በተራ እንቀመጣለን፤ ዳንቴሉ ግን አልተመለሰም።