ቀለህና ጥይት፦ በእጅ የተሞላውና ከፋብሪካ የወጣው

ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ጠመንጃ መቍጠር ይወዳሉ። በዐድዋ ዘመቻ የተሰለፈው ሠራዊት 80,000 ጠመንጃ ነበረው ወይስ 100,000 የሚለው ክርክር ብዙ ገጽ ፈጅቷል። በነፍጠኛው ዝናር ውስጥ ስንት ጥይት ነበር፣ ጥይቱስ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይበልጥ ክብደት ያለው ይኸኛው ነው።

በአፈ ሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ በነገሠበት ዘመን ባሩዱ ከድኝ፣ ከከሰልና ከአፈር ከሚጣራ ጨው እዚያው አገር ውስጥ ይቀመም፣ እርሳሱም ቀልጦ በቅርጽ ይፈስስ ነበር። ጥራቱ ዝቅተኛ ቢሆንም የባሕሩን በር የያዘ ባዕድ ሊያቋርጠው አይችልም ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር የገጠመው የእንግሊዝ ሠራዊት ግን ከኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ይዞ መጣ። ኮሎኔል ቦክሰር ያዘጋጀው የሰናድር ጥይት ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን በአንድ የናስ ቀለህ አጠቃሎ የያዘ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የገዛ ሁሉ የሩቅ ፋብሪካ ደንበኛ ሆነ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልሆነም። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የመረጡት፣ የኛ ሰው «ፉዚል ግራ» የሚለውን ስም አሳጥሮ ውጅግራ ያለው ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ነበርና ተኩሱ ቀለሁን ብዙም አይጎዳውም። ስለዚህ የወደቀው ቀለህ ይለቀማል፤ ናሱን የሚበላው የባሩድ ጥላሸት ይታጠባል፤ የሰፋው አፍ ይጠብባል፤ አዲስ ባሩድ ይሰፈርና እርሳስ ይከደንበታል። የሚያስቸግረው መለኮሻው ነው። በውስጡ ያለው በምት የሚፈነዳ የሜርኩሪ ቅመም በቀላሉ በእጅ የሚዘጋጅ አይደለም። በእጅ የተሞላ ጥይት ከሸፈ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ይኸው መለኮሻ ወይም እርጥብ ባሩድ ነው፤ ጦር ሜዳ ላይ ደግሞ የከሸፈ ጥይት ከባዶ ዝናር ይብሳል፤ ባለቤቱ ጥይት አለኝ ብሎ ቆሟልና።

የሚያስገርመው በዚያው ዘመን በአሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። በ1870ዎቹ የጎሽ አዳኞች ቀለሃቸውን በሰፈሩበት ይሞሉ ነበር፤ በ1884 ደግሞ ጆን ባርሎው በኮነቲከት አይዲል የተባለውን የመሙያ መሣሪያ ኩባንያ አቋቋመ። የዒላማ ተኳሾች ባሩዱን ራሳቸው እየመዘኑና እርሳሱን ለጠመንጃቸው ልክ እያበጁ፣ ከፋብሪካው ጥይት ይልቅ በእጃቸው የሞሉትን ያምኑ ነበር። ልዩነቱ ከእጅ ጥበብ የመጣ አይመስለኝም፤ አሜሪካዊው መለኮሻውንና ባሩዱን ከአቅራቢያው ሱቅ ይገዛል፣ ኢትዮጵያዊው ግን ከጂቡቲ ወዲያ ማዶ ይጠብቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ሥራቸው ይመሰክራል። በ1885 ዓ.ም. ኢጣልያ በዶክተር ትራቨርሲ እጅ የላከችላቸውን 2 ሚሊዮን ጥይት ተቀብለው፣ በየካቲት ወር የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለኃያላን መንግሥታት አስታወቁ። ጥይቱ መቅደሙ አጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል። በገበያም ቢሆን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የብር ዝርዝር ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር። ጥይቱ ይተኩስ አይተኩስ ሳይፈተን በገንዘብነቱ መቀበሉ፣ ለተዋጊው ሌላ አደጋ ነበረው።

ጢስ አልባው ባሩድ ሲመጣ የእጁ ሥራ ጠበበ። ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. የቀመመው ዓይነት ባሩድ የኬሚስት ቤተ ሙከራና ፋብሪካ ይፈልጋል፤ በልኩ ካልተሰፈረም ጠመንጃውን ከነተኳሹ ሊያጠፋ ይችላል። ምንሽርና ለበል የያዘ ሰው እንደ ውጅግራ ባለቤት ቀለህ አጥቦ ሊሞላ አልቻለም። በ1935 እ.ኤ.አ. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለኢጣልያም የጦር መሣሪያ ሽያጭ ሲከለክሉ፣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነበር፤ ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯትና። ክልከላው በጥቅምት ቢነሣም፣ ጦርነቱ በዚያው ወር ተጀምሮ ነበር።

በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የጥይት ዋና ምንጭ ራሱ ጠላት ሆነ። ከሞተው ወታደር ወገብ የሚፈታው ዝናር የሚስማማው ለኢጣልያ ጠመንጃ ነበርና፣ አርበኛው ነባሩን ጠመንጃ ለመተው የተገደደው ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ስለ ተበላሸ ሳይሆን የሚያጎርሰው ስላጣ ነው።