ኑክሊክ አሲድ፦ አስኳላዊ አሲድ

ዲኤንኤና አርኤንኤ የሚሉት ስሞች ከኮቪድ ወዲህ ለብዙ ሰው ጆሮ እንግዳ አይደሉም። የሁለቱ የወል ስም ግን ገና አልተለመደም። መጻሕፍት «ኑክሊክ አሲድ» እያሉ እንዳለ ይጽፉታል። የሕዋስን ኑክለስ «አስኳል» ማለት ከለመድን ዘንድ «አስኳላዊ አሲድ» ብንለው ይስማማል።

ስሙ የመጣው ከተገኘበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር በጀርመን ቱቢንገን ከተማ ሆኖ፣ ከሆስፒታል የሚመጣለትን መግል የጠጣ የቁስል ማሰሪያ እያጠበ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይለቅም ነበር። ከአስኳላቸው ፎስፈረስ የበዛበት እንግዳ ነገር አወጣና «ኑክሊን» አለው። በ1889 ሪቻርድ አልትማን ኑክሊክ አሲድ ሲል ሰየመው። ስሙ ግን እንዳያሳስት፤ አርኤንኤ በብዛት የሚገኘው ከአስኳሉ ውጪ ነው፤ ባክቴሪያም አስኳል ሳይኖረው ሁለቱም አሉት።

ሁለቱም ኑክሊዮታይድ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት የተቀጣጠሉባቸው ሰንሰለቶች ናቸው። እያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ፎስፌት፣ ባለ አምስት ካርቦን ስኳርና ቤዝ አለው። ስኳሮቻቸው የሚለያዩት በአንዲት ኦክስጅን ብቻ ነው። ከቤዞቹም አዴኒን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን የጋራቸው ናቸው። አራተኛው በዲኤንኤ ታይሚን፣ በአርኤንኤ ዩራሲል ይሆናል፤ ሁለቱም የሚጣመሩት ግን ከአዴኒን ጋር ነው። ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት ከሌላው ሊገለበጥ ይችላል። ከዝምድናቸው ሁሉ ትልቁ ለእኔ ይህ ነው፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነውና።

ኤችአይቪን እንመልከት። ቫይረሱ ይዞት የሚገባው አርኤንኤ ነው። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለው ኢንዛይሙ ይህን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ግልባጩ ከታማሚው ዲኤንኤ መካከል ይገባል። በአገራችን ከሚታደሉት መድኃኒቶች ቴኖፎቪር አዴኒን ያለበትን ኑክሊዮታይድ ይመስላል፤ ላሚቩዲን ደግሞ ሳይቶሲን ያለበትን። ኢንዛይሙ ተታሎ ከሰንሰለቱ ይቀጥላቸዋል። ቀጣዩ የሚያያዝበት ቦታ ስለሌላቸው ግልበጣው እዚያው ላይ ይቆማል።

ታማሚው የሚመረመረው ቫይራል ሎድም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረሱ አርኤንኤ መጠን ነው። በፒሲአር ሲለካ አርኤንኤው በቅድሚያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል፤ የሚገለብጠውም መድኃኒቱ የሚያስቆመው ያው የኢንዛይም ዓይነት ነው።