የፖስት ድግግሞሽ

አንድ የንግድ ድርጅት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ በቀን ወይም በሳምንት ስንት ጊዜ ፖስት ማድረግ እንዳለበት የሚወስንበት አሠራር። ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለውም። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ በ2021 እ.ኤ.አ. በሳምንት ሁለት ያህል ፖስትና በቀን ሁለት ያህል ስቶሪ ጥሩ መጠን መሆኑን ተናግረው ነበር።

መድረኩም ይለያያል። ፌስቡክ ለማን ምን እንደሚያሳይ ራሱ ስለሚመርጥ ብዙው ፖስት ሳይታይ ያልፋል። ቴሌግራም ግን ቻናሉ የላከውን ሁሉ ለተከታዩ ያደርሳል፤ ተከታዩ ሲበዛበት የቻናሉን ድምፅ ያጠፋል ወይም ጥሎ ይወጣል። ከፖስቱ ግርጌ ያለው የተመልካች ቁጥር እየወረደ ከሄደ መቀነስ ይበጃል።

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በለገጣፎ ለገዳዲ ጉዳዩ በቤት ሽያጭ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቤት የሚገዛ ሰው ለመወሰን ወራት ይፈጅበታል። በኮምፒውተር የተሠራ አንድ የቪላ ምስል ጠዋት ማታ መደጋገም ያሰለቸዋል። በግንባታ ላይ ያለው ቤት ኮለንና ጣሪያ የደረሰበትን በየወሩ በቪዲዮ ማሳየት ግን ቀብድ ከፍሎ ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሻጭም ይህን ሊነፍገው አይገባም። ገዢው ውጭ አገር ከሆነ ሰዓቱም ይታሰባል፦ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር አካባቢ ነው። መደጋገም ሁልጊዜ አያሰለችም፦ ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ መስመር ሲቋረጥ የመቋረጡ ማስታወቂያ በዚያው ቀን ደጋግሞ ቢወጣ የሚሰለች የለም።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ደንበኛን በሌላ መንገድ ለማግኘት የደንበኞችን ስልክ መዝግቦ መያዝም የዚሁ ሥራ አካል ነው።